ያልተደገመ ልክ

አባታችሁ ማንም የማያየውን ልጅ አቁሞ ደረቱን በሜትር ሲለካ ብታገኙት ማንን ትጠራላችሁ? "ሐኪም" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኛም ሐኪም ነው የጠራነው። ጠንቋይ ቤት አልሄድንም። በር ቆልፈን አልደበቅነውም። ጎረቤት ምን ይለናል ብለን አላፈርንበትም። ዛሬ በየመድረኩ "ቤተሰብ ሕመምተኛውን በጊዜ ወደ ሕክምና ያምጣ" ተብሎ የሚመከረውን ሁሉ፣ ምክሩ ፋሽን ከመሆኑ በፊት አድርገነዋል። ስለዚህ የምነግራችሁን ስትሰሙ፣ ያላወቀ ቤተሰብ በገዛ እጁ ስላጠፋው ሰው የምተርክ መስሏችሁ አንገታችሁን እንዳትነቀንቁብኝ።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ ከመንገዱ በአንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ነው። ፊት ለፊቱ መስታወት፣ ከኋላው ወደ ጓሮ የሚያወጣ ጠባብ በር አለው። ውስጡ ሁልጊዜ ካውያ ያረፈበት እርጥብ ሱፍ ይሸት ነበር። ያ ሽታ ዛሬም በአጠገቤ ሲያልፍ እግሬ በራሱ ይቆማል።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሥራ ነበረኝ። አባቴ ደንበኛ ሲለካ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ እኔ እደግመዋለሁ። "ትከሻ አርባ ስድስት" ይላል። "ትከሻ አርባ ስድስት" እላለሁ። ከደገምኩት በኋላ ብቻ ቁጥሩን በጠመኔ ከጨርቁ ጥግ ላይ ይጽፈዋል። አንድ ጊዜ የተባለ ቁጥር ለእሱ ገና ቁጥር አይደለም። የሰማው ሰው መልሶ ሲለው ነው ልክ የሚሆነው። ያልተደገመ ልክ ላይ መቀስ አያነሳም ነበር። በዚህ ሥራዬ ምክንያት "የገደል ማሚቶ" ብሎ ሰየመኝ፤ ሲያቆላምጠኝ ደግሞ "ማሚቶ" ይለኛል።

ሌላም ደንብ ነበር። ደንበኛው ኮቱን አውልቆ ሲቆም እኔ ፊቴን ወደ ጨርቁ መደርደሪያ አዞራለሁ። ሰው ሆዱ ሲለካ ልጅ እንዲያየው አይፈልግም ይል ነበር አባቴ። በተለይ አንድ የእህል ነጋዴ ነበር። ሜትሩ ወገቡ ላይ ሲያርፍ ትንፋሹን ውጦ ሆዱን ወደ ውስጥ ሲስብ ከድምፁ አውቃለሁ። አባቴም አይቸኩልም፤ ሜትሩን እንደያዘ ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ጭቃ ያወራዋል። ነጋዴው መልስ ለመስጠት ሲል መተንፈሱ አይቀርም፣ ያኔ ቁጥሩ ይጠራል። እኔ መደርደሪያው ላይ አፍንጫዬን ተክዬ ሳቄን እውጣለሁ። ብዙዎቹን የአባቴን ደንበኞች የማውቃቸው በቁጥራቸው እንጂ በመልካቸው አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታዲያ "ደረት ሃምሳ አምስት" ሲል፣ ፊቴን እንዳዞርኩ "ደረት ሃምሳ አምስት" አልኩ። ትንሽ ልጅ መጣ ብዬ ደስ አለኝ። "እጅጌ ሠላሳ ስድስት" አለ። ደገምኩ። ድምፁ የዚያን ቀን ዝግ ያለ ነበር፣ የተኛ ሰው አጠገብ እንደሚነገረው። ስዞር ማንም የለም። አባቴ ሜትሩን በአንገቱ ዙሪያ እያጠለቀ ነው። የጓሮው በር ገርበብ ብሏል።

ሄደ እንዴ ብዬ ጠየቅኩት። ሄዱ፣ ሦስት ናቸው አለኝ። አይናገሩም እንዴ አልኩት።

"ጨዋ ልጆች ናቸው" አለኝ። "ቀጭን ልብስ ነው የለበሱት። በርዷቸዋል፣ ማሚቶ።"

አመንኩት። ለምን አላምነው? የነጋዴውንም ሆድ አይቼው አላውቅም።

ከቁርጥራጭ ጨርቅ ትንንሽ ኮቶች ይሰፋ ጀመር። አካሉ ግራጫ፣ እጅጌው ቡኒ፣ ቁልፎቹ ከተለያየ ልብስ የተረፉ። ሲያልቁ መስታወቱ ላይ ይሰቅላቸዋል። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ደንበኛ ሲያጣ በር ላይ ቆሞ መንገደኛውን ሁሉ ይተቻል። ኮቶቹን አይቶ "ድንክ ደንበኛ ይዘሃል እንዴ?" አለው። አባቴም ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል "አዎ፤ እነሱ እንደ አንተ አያወሩም" አለ። ሦስታችንም ሳቅን።

ሁለተኛው ኮት ላይ ልብ ያልኩት ነገር ነበር። ጨርቁ ጥግ ላይ በጠመኔ የሚጽፋቸው ቁጥሮች እያነሱ ሄደው ለማንበብ ዓይኔን ማጥበብ ነበረብኝ። ደንበኞቹ ትንንሽ ስለሆኑ ነው ብዬ አሰብኩ። አካሄዱም ተቀይሯል። እግሩን ከመሬት ሳያነሳ፣ አጭር አጭር እየረገጠ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ይሄዳል። ልጆቹን ላለማስደንገጥ ነው ብዬ አሰብኩ፤ እኔም ሱቁ ውስጥ እንደሱ መሄድ ጀመርኩ። አንዳንድ ጠዋት ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ፊት ለፊት ይዞ ይቆማል፣ ምን ሊያደርግ እንደነበር እንደጠፋበት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያው የድሮው ሰው ሆኖ ፀጉር አስተካካዩን ሲያበሽቀው ይውላል። ተኝቶም ይራገጣል። እናቴ አንድ ጠዋት ክንዷ በልዞ ተነሳችና ሕልም ነው አለች፣ ሳቅ ብላ።

የሦስተኛው ኮት ሁለቱም እጅጌ የቀኝ ነበር። ይህን ያየሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ሌሎቹ አላዩም ማለቴ አይደለም። አይተዋል። ግን ለእያንዳንዱ ነገር ሙያው ቀድሞ መልስ ነበረው። ጎበጠ? ልብስ ሰፊ ሆኖ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ማን አለ? እጁ ተንቀጠቀጠ? ዕድሜ ልኩን መቀስ የጨበጠ እጅ ነው። አባቴን ሙያ ያስተማረው ሰውዬ በስተርጅናው እንደ መንጠቆ ታጥፎ ነበር አሉ። ጉብጠት በእኛ ቤት ሕመም አልነበረም፣ እንደ ደመወዝ የሚጠበቅ ነገር ነበር። ስለዚህ በኋላ ሐኪሙ ዘንድ ስንቀርብ የአባቴን እግርና እጅ ያነሳ ሰው የለም። ያወራነው ስለ ልጆቹ ብቻ ነው።

ልጆቹን ያወቀችው እናቴ ናት። አንድ ቀን ምሳውን ይዛ ሱቁ ስትደርስ እኔ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዙሬ ቆሜያለሁ። አባቴ ተንበርክኳል። ሜትሩን በባዶ አየር ዙሪያ አጠማዝዞ ሁለቱን ጫፎች በጣቶቹ ይዟል። "ወገብ ሃምሳ ሁለት" ይላል፤ "ወገብ ሃምሳ ሁለት" እላለሁ። እናቴ ምን እንዳየች የተረዳሁት እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ያኔ የሰማሁት የምሳ ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ ሲቀመጥ ነው። "ለማን ነው የምትለካው?" አለችው። አባቴም ደንበኛ እንደሚያስተዋውቅ ሰው በእጁ ወደ ጥጉ አመለከታት። እናቴ ጥጉን አየች። እኔም ዞሬ አየሁ። በጓሮ በር ሮጠው ወጥተዋል ብዬ አሰብኩ። እናቴ እንግዳ ስትሆንባቸው ፈርተው።

ወደ ቤት ሂጂ አለችኝ፣ በስሜ ጠርታ። በስሜ የምትጠራኝ ስትቆጣ ወይ ስትፈራ ነው።

በማግስቱ አክስቴ መጣች። የእናቴ ታናሽ ናት፣ አስተማሪ፣ ቤታችን ውስጥ ከሁሉም በላይ የምታስቀኝ ሰው። እኔ ገና ድክ ድክ ስል በጠና ታማ ነበር። ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልወሰዳትም አሉ። ደመወዟን በሙሉ ጫማ ገዝታ ለጎረቤት አደለችው። የሬዲዮው ዜና አንባቢ በዜናው መካከል ለእሷ ብቻ የሚገባ ቃል እያስገባ ሊያገባት እንደሚፈልግ ይነግራታል። አንድ ሐኪም መርፌ ጀመረላት፣ ክኒን ጨመረላት፣ እየደጋገመ አያት፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ክፍሏ ተመልሳ ልጆች ታስተምር ጀመር። እሷም አትደብቀውም። ዜና ሲጀምር "ዝም በሉ፣ የቀድሞ እጮኛዬ ነው" ትላለች።

እኔ ሳህን እያጠብኩ እነሱ ኩሽና ውስጥ ቆመው ያወሩ ነበር። የውሃው ድምፅ ግማሹን ይወስድብኛል። አክስቴ "እንደኔው ነው የጀመረው፣ ሳይብስበት እንውሰደው" አለች። ከዚያ የእናቴ ድምፅ መጣ።

"አንቺ እኮ ስትታመሚ ሌላ ሰው ሆነሽ ነበር። ቤቱን ሞልተሽው ነበር። እሱ ግን ራሱ ነው። ራሱ ሆኖ እያነሰ ነው።"

አክስቴ "ሐኪሙ ይለየዋል" አለች። "እኔን ከዚያ ጉድ ያወጣኝ ሰው ይሄን መለየት ያቅተዋል?"

ይህን ዓረፍተ ነገር ዛሬም ሳስበው ቂም መያዝ ያቅተኛል። ልክ ነበረች። ሐኪም ማለት የሚለይ ማለት አይደለም እንዴ? እናቴ ደግሞ፣ ስለ አንጎል ምንም የማታውቀዋ ሴት፣ ሳህን በሚታጠብበት ኩሽና ውስጥ ቆማ በሁለቱ ሕመሞች መካከል ያለውን ልዩነት ነክታው ነበር። አንዱ ሰውን ይለውጠዋል፣ ሌላው ሰውን ያጎድለዋል። ነክታው አለፈች፤ የሚለይ ሰው አለና።

ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስለጠፋ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ሐኪሙን ወደድኩት። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ገና ስገባ ከረሜላ ሰጠኝ። ጠረጴዛው ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ የፕላስቲክ አንጎል ነበረው፣ በቀይና በሰማያዊ የተቀባ። አባቴን አክስቴና እናቴ ግራና ቀኝ ይዘው አስገቡት፣ ወንበር ላይ አስቀመጡት። ሐኪሙ ቀና ሲል አባቴ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ወንበር እንዲነሳ የጠየቀው ሰው የለም። ልብ በሉልኝ፣ ልዩ መሣሪያ አልነበረም የሚያስፈልገው። "እስቲ ይነሱና እስከ በሩ ድረስ ይሂዱልኝ" የሚል ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ሐኪሙ መጀመሪያ ሕመም ነውር እንዳልሆነ ነገረን። በደንብ ነገረን፤ እናቴ ትከሻዋ ረገብ ሲል አይቻለሁ። ከዚያ አባቴን ልጆቹ ምን እንደሚያዙት ጠየቀው። አያዙኝም፣ እኔ ነኝ የምለካቸው አለ አባቴ። ያስፈሩሃል ወይ አለው። ሕፃን ምኑ ያስፈራል አለ። ከዚያ የፕላስቲኩን አንጎል ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና "ስፌቱ የት ጋ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ ሳቀ። "ስፌት የለውም፤ ለዚህ እኮ ነው ሲበላሽ የሚያስቸግረን" አለው። ሁላችንም ሳቅን፣ አባቴም ሳቀ። ያ ሳቅ የመጨረሻው እንደነበር የሚነግረን ሰው አልነበረም።

ሐኪሙ እናቴን ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ገንዘብ አወጣጡ፣ ስለ ንግግሩ ጠየቃት። ከእህቷ ሕመም የምታውቃቸው ጥያቄዎች ናቸው፣ አንድ በአንድ መለሰች። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ አንቺስ ልጆቹን አይተሻቸዋል አለኝ። አላየኋቸውም፣ ሲለኩ ፊቴን አዞራለሁ አልኩ። አባቴ አየኝ። መርፌው የዚያኑ ቀን ተጀመረ።

ከሁለተኛው መርፌ በኋላ አባቴ አኮረፈኝ።

በሌላ ቃል ልነግራችሁ አልችልም፤ ያየሁት ኩርፊያ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመጣ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ፊቱ ዝግ ነው። ሰላም ስለው አይመልስም፣ ወይም ለመመለስ በጣም ይዘገያል። ምክንያቱንም አውቄዋለሁ። ለማያውቁት ሰው ደንበኞቹን አላየኋቸውም ብያለሁ፤ ሐሰተኛ አድርጌዋለሁ። ስለዚህ ይቅርታ ለማግኘት ሥራዬ ብዬ ተያያዝኩት። ነጠላ ጫማውን እግሩ ሥር አስተካክዬ አደርጋለሁ። ከአፉ ጥግ የሚወርደውን ለሃጭ ከሱቁ ባመጣሁት የገበር ቁራጭ እጠርግለታለሁ። ፊት ለፊቱ ቆሜ የነጋዴውን ልክ እጠራለሁ፣ ሆን ብዬ እያበላሸሁ፦ "ወገብ ሦስት መቶ"። ድሮ ቢሆን ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። አሁን ዓይኑ ወደኔ ይመጣል፣ ፊቱ ግን አይከተለውም።

ፊትም በጡንቻ ነው የሚስቀው። የእሱ ደርቆ ነበር። አንድም ቀን አኩርፎኝ አያውቅም።

መቀሱን ሲሰጡት ጣቶቹ አይከፈቱም። ከወንበር ሲያስነሱት እንደ ጣውላ ሙሉውን ይነሳል። እናቴ ተመልሳ ወደ ሐኪሙ ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። በሩ ሳይዘጋ ጀመረች።

"ዶክተር፣ ሰውየው እየደረቀብኝ ነው።"

ሐኪሙ እየጻፈ ነበር። ልጆቹን ማውራት ትቷል ወይ አላት። አላውቅም አለች እናቴ፤ አፉ አይከፈትም።

"ጥሩ" አላት። "ዕረፍት እያገኘ ነው። የእህትሽን ጊዜ አስታውሺ፣ እሷም መጀመሪያ ላይ ደረቅ ብላ ነበር። አሁን መጠኑን ትንሽ ከፍ እናደርገዋለን።"

እውነትም አክስቴ መጀመሪያ ላይ ደረቅ ብላ ነበር፤ ሌላ ክኒን ታዘዘላት፣ ተፈታች። ሐኪሙ ያየው እሷን ነበር። እኛም ያየነው እሷን ነበር። ለአባቴ የመጣውን በሽታ የአክስቴን ልብስ አልብሰነው፣ ትከሻው እንቢ ሲል ትከሻውን ወቀስን።

እናቴ አባቴን ይዛ እንደገና ስትሄድ ሐኪሙ ለስብሰባ ወጥቷል አሏት። ነርሷ የታዘዘውን መርፌ ሰጠችው። ይቅርብን ማለት ትችል ነበር ትሉኝ ይሆናል። አክስቴን ጠይቋት። እሷ አንድ ጊዜ በመሃል አቋርጣ ነበር፣ ሕመሙ ብሶ ተመለሰባት። ስለዚህ እንዳታቋርጪበት ብላ እህቷን ለመነቻት፣ በእንባ። በዚያ ቤት ውስጥ አባቴን የማይወድ ሰው አልነበረም፤ የወደዱት ሁሉ ወንበሩ ላይ ይዘው አስወጉት።

አንድ ከሰዓት እናቴ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ እኔና አባቴ ብቻችንን ነበርን። መኝታ ክፍሉ ውስጥ መደርደሪያ የለም፤ ቁም ሣጥን አለ። ፊቴን ወደ ቁም ሣጥኑ አዙሬ ቆምኩ። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። እንዲህ ስቆም ሥራ ይጀመራል።

ብዙ ቆየሁ። ከኋላዬ የወረቀት መታሸት የመሰለ ድምፅ መጣ።

"ልጆቹ አሉ።"

"ልጆቹ አሉ" ብዬ ደገምኩ።

"እጄ እንቢ አለኝ።"

"እጄ እንቢ አለኝ" አልኩ፣ ቃል ሳላጎድል። ከዚያ ዘወር ብዬ ሳቅኩለት። ታርቀናል ብዬ ነበር። ወደ ጓሮ ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት፦ አባዬ አናገረኝ፣ ኩርፊያው አለፈ። እናቴ የያዘችውን እርጥብ አንሶላ ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። ምን አለሽ አለችኝ። ነገርኳት። ውሃው ቀሚሷን አረጠበው።

እናቴ የሰማችውን እኔ ለመስማት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። መርፌው እጁን ወስዷል፣ እግሩን ወስዷል፣ ሳቁን ወስዷል። ሊያባርራቸው የተላከባቸውን ልጆች ግን አልነካቸውም። እዚያው ጥግ ቆመዋል፣ ቀጭን ልብስ ለብሰው፣ እየበረዳቸው። የሚያለብሳቸው ሰው ነው የቀረባቸው።

ብዙም አልቆየም። መዋጥ አቃተው፤ ሾርባው ወደ ሳንባው ሄደ፤ ትኩሳት መጣ፣ ወሰደው። እናቴ ሱቁን ስትዘጋ የስፌት መኪናውንና ትንንሾቹን ኮቶች አንድ ላይ ሸጠቻቸው። ገዢው ሁለቱም እጅጌው የቀኝ የሆነውን ኮት መለሰው፣ የማን ሥራ ነው ብሎ እየሳቀ። ኮቱ አሁን እኔ ቤት ነው።

አሁን ወደ አንድ አዳራሽ ልውሰዳችሁ።

ባለፈው ዓመት ያ ሐኪም እዚያ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ ንግግር አደረገ። ሸብቷል፣ ማዕረጉ ረዝሟል፣ ድምፁ ያው ለስላሳ ነው። አክስቴና እኔ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። ርዕሱ የአእምሮ ሕመምና አንጎልን ቀስ በቀስ የሚያጠፋ በሽታ እንዴት እንደሚለያዩ ነበር። ግሩም አድርጎ አስረዳ፤ ይህን አልሰስትበትም። በመጀመሪያው ዓይነት ሕመም የአንጎል ህዋሳቱ በጅምላ አይሞቱም አለ፤ የሚዛባው ሥራቸውና መልእክታቸው ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ታክሞ ወደ ራሱ ይመለሳል፣ ይሠራል፣ ይስቃል። በሁለተኛው ህዋሳቱ ራሳቸው ይሞታሉ፤ የሞተው አይተካም። ከውጭ ሲያዩዋቸው ግን ሁለቱም "የሌለ ሰው ያያል" በሚል አንድ ቃል ይጠቃለላሉ፣ አደጋውም እዚያ ጋ ነው አለ። ከዚያ በአንድ የውጭ አገር ሐኪም ስም የሚጠራ በሽታ ላይ ደረሰ። ሕመምተኛው ዝም ያሉ ትንንሽ ልጆች ሊያይ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም አይፈራቸውም። ጽሕፈቱ ያንሳል። እግሩን ይጎትታል። በሕልሙ ይራገጣል። አንድ ቀን ደህና፣ አንድ ቀን የጠፋ ነው። አክስቴ እጄን ያዘች። "ስለ አባትሽ ነው የሚያወራው" አለችኝ፣ በጆሮዬ። ሐኪሙ ቀጠለ፦ እነዚህን ሰዎች ለሌላው በምንሰጠው መርፌ ከወጋናቸው እንደ እንጨት ይደርቃሉ፣ በሽታው ሳይደርስ መድኃኒቱ ሊገድላቸው ይችላል።

አዳራሹ አጨበጨበ። ሐኪሙ አንገቱን ዝቅ አድርጎ "ድሮ ሁሉንም እንወጋ ነበር፤ በዚያን ጊዜ አናውቅም ነበር" አለ።

አክስቴ ተነስታ ወጣች። በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፣ የዕለት ክኒኗን በቦርሳዋ ውስጥ እየፈለገች። "እኔን ያዳነኝ እጅ ነው" አለችኝ። "ልጠላው አልችልም። ልወደውም አልችልም። ምን ላድርግ ትያለሽ?"

አንድ ነገር እንዳታምታቱብኝ። አክስቴ እብድ ነበረች፣ አባቴ ግን ንጹሕ ሕመምተኛ ነበር እያልኩ አይደለም። እንዲህ የሚያስቡትን እጠየፋቸዋለሁ። ሁለቱም ታመው ነበር፣ ሁለቱም ሰው ነበሩ። የማወራው ስለ ልዩነት ነው፤ ልዩነት ደግሞ የክብር ደረጃ አይደለም፣ የሕክምና ጉዳይ ነው። ሁሉንም በአንድ "የአእምሮ ሕመም" ጆንያ ከትቶ "ነውር አይደለም" ብሎ ማሰር ደግነት አይደለም። ነውር አለመሆኑን አባቴም ያውቅ ነበር። የሞተው በነውር አይደለም።

ጥያቄ ለመጠየቅ እጄን አውጥቼ ነበር፤ ዕድሉ ለሌሎች ተሰጠ። ሲያልቅ ወደ ሐኪሙ ቀርቤ የአባቴን ነገር ነገርኩት። በትዕግሥት አዳመጠኝ፣ ትከሻዬን ያዝ አደረገኝ፣ ቢሮዬ ነይና ሻይ እየጠጣን እናውራ አለኝ።

ዶክተር፣ ሻይዎን አልጠጣም። የበሽታውን ስም ያኔ ባለማወቅዎ አልከስስዎትም፤ ብዙዎች አያውቁም ነበር። የእኔ ጥያቄ ስም አይፈልግም። "አናውቅም ነበር" ሲሉ ያ "እኛ" ማንን እንደሚጨምር ነው የምጠይቅዎት። እናቴ አውቃ ነበር። በርዎ ሳይዘጋ ነግራዎት ነበር። እርስዎ እየጻፉ ነበር።

በአባቴ ሱቅ ውስጥ የተነገረው ሳይደገም መቀስ አይነሳም ነበር፣ ለሱፍ ጨርቅ እንኳ። ስለዚህ በቢሮዎ በር ተዘግቶ፣ ስኳር እየተማሰለ የሚሰጥ መልስ አልቀበልም። ወደዚያው አዳራሽ ይመለሱ። ያንኑ ድምፅ ማጉያ ይያዙ፣ ያጨበጨቡልዎት ሰዎች ባሉበት። አክስቴም ፊተኛው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። እናቴ የነገረችዎትን ይድገሙት፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "ሰውየው እየደረቀብኝ ነው።" ከዚያ ምን ብለው እንደመለሱላትና ለምን መጠኑን ከፍ እንዳደረጉ ሁሉም እየሰማ ይናገሩ።

እኔ ደግሜዋለሁ። ተራው የእርስዎ ነው።